አረጋግጥ የሚለው መስመር

ሰኞ፤ 42 ቀን ቀረው

ቀን መቁጠሪያ አያስፈልገኝም። ሥራ አስኪያጃችን ለፈተናው ስንት ቀን እንደቀረ በትልቅ ቁጥር ጽፎ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ በየጠዋቱም በገዛ እጁ ይቀይረዋል። የብሬል ማተሚያ ቤት መሆናችንንና ከመካከላችን ግማሹ ሰው ግድግዳ እንደማያይ የነገረው የለም። የማየው እኔ ስለሆንኩ፣ ቁጥሩ የተሰቀለው ለእኔ ነው ማለት ነው። አቶ ቶሎ ነው የምንለው፤ እሱ በሌለበት።

ሥራው እንዲህ ነው። ለሠላሳ ስምንት ዓይነ ስውር ተፈታኞች ሦስት ጥራዝ የመለማመጃ ጥያቄ አትመን፣ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እጃቸው ማስገባት። ማተሚያውን ይነዳ የነበረው አሮጌ ኮምፒውተር ባለፈው ወር አረፈ። አዲሱ ዛሬ መጣ። አስተርጓሚውን አዲሱ ላይ ጭኖ ማስነሳት የእኔ ዕጣ ነው።

ረቡዕ፤ 40 ቀን

አስተርጓሚ ስል ሰው አይደለም። ሰው ቢሆን ኖሮ ሻይ ጋብዤ እለምነው ነበር።

የማተሚያችን ፕሮግራም የተጻፈው በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ በሚያውቁት ቋንቋ ነው። አንደኛው ቋንቋውን የፈጠረው መሐንዲስ ነው፤ የአባዬ ጓደኛ ነበር፤ ሞቷል። ሁለተኛው አባዬ ነው። አባዬ ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው፤ እዚሁ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በጣቱ ሲያርም ኖሯል። ጓደኛው ቋንቋውን ያበጀው አባዬ ያለ ሰው እርዳታ እንዲጽፍበት ብሎ ነው፤ በአንድ መስመር አንድ ትእዛዝ። ብሳ። ገልብጥ። አረጋግጥ። ይህ ሁሉ መጀመሪያ ይቀጠቀጥና ባይትኮድ የሚሉት የቁጥር ሰልፍ ይሆናል፤ አስተርጓሚው ሰልፉን አንድ በአንድ እያነበበ ማተሚያውን ያዝዛል። እኔ ፕሮግራሙን ማስኬድ እንጂ ቋንቋውን አልተማርኩም። ለነገሩ ምን አስቸኮለኝ፣ አባዬ እያለ።

መመሪያው አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም በብሬል። የአራሚ ልጅ ሆኜ በጣቴ ማንበብ አልችልም። በዓይኔ ነጥብ እየቆጠርኩ አንድ ገጽ በሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ። ስለዚህ አባዬን፣ «ስለ ማስተካከያው የሚያወራውን ምዕራፍ አንብብልኝ» አልኩት።

«ነገ» አለ።

ቅዳሜ፤ 37 ቀን

እማዬ በር ላይ ቆማ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማሁ። «አባትየው ሰሞኑን ቁልፉን እኔ ካልቆለፍኩለት ሸሚዝ አይለብስም።» ሁለቱም ሳቁ። በስተርጅና ሙሽራ መሆን አምሮታል።

ሰኞ፤ 35 ቀን

አስተርጓሚው አልነሳም አለ። የማህደረ ትውስታው ጣሪያ ትንሽ ነው ይላል። ከፍ አደረግኩለት። አሁን ደግሞ ጥልቀቱ አልበቃኝም አለ። እጥፍ አደረግኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳና አንድ ገጽ በሳ። አንድ ገጽ።

መመሪያውስ? «ነገ አነብልሻለሁ።» ነገ የሚባለው ቀን ግድግዳው ላይ የለም።

ረቡዕ፤ 33 ቀን

አቶ ቶሎ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋው፤ ያ ምልክት መጥፎ ነው።

«ማሽኑ በፍጥነት እንደሚሠራ ካሳየሽኝ» አለ፣ «ከዚህ ወቅት በኋላ በጣት ማረም የሚባለውን እንተወዋለን። የአራሚነቱ መደብ ይዘጋል። ለአባትሽ ግን አሁን አትንገሪያቸው፤ ይከፋቸዋል።»

አሳቢ ሰው ነው።

እሺ አልኩ። አባዬ ዕድሜውም ገፍቷል፤ ቢያርፍ ይሻለዋል። ይህን ወደ ቤት ስሄድ ለራሴ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። አራተኛው ላይ ሳላምን አልቀርም። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው።

ዓርብ፤ 31 ቀን

የማስተካከያው ፋይል ውስጥ «ፍጥነት» የሚል መስመር አለ። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። ሟቹ ዜሮ ላይ ነበር የተወው። በዜሮ ሦስቱን ጥራዝ ለሁሉም ተማሪ ለማተም ስድስት ቀን ይፈጃል። ለምን ቢሉ፣ አስተርጓሚው እያንዳንዱን ቅጠል ከገለበጠ በኋላ ይቆምና «አረጋግጥ» የሚለውን መስመር ይፈጽማል። ወረቀቱ ገብቷል? ገብቷል። ቀጥ ብሏል? ቀጥ ብሏል። አንድ የሚጨነቅ ሽማግሌ አስተርጓሚው ውስጥ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ሁለት ላይ ሲደረግ አረጋግጥ የሚሉትን መስመሮች በሙሉ ዘሎ ሌላውን ብቻ ይቀጠቅጣል። ስድስቱ ቀን ሁለት ይሆናል። አዲስ ማሽን ላይ ምን የሚረጋገጥ አለ? ሁለት ላይ አደረግኩት። ወረቀት እንዳይባክን ጀርባውን ባዶ ትቼ በአንድ ገጽታ ብቻ አሥር ቅጠል አተምኩ። ነጥቦቹ ጥርት ብለው ቆመዋል። ያማሩ ናቸው።

ሰኞ፤ 28 ቀን

አስተርጓሚው ደግሞ አኮረፈ። በየቅጠሉ አንድ ቢጫ መስመር፦ «ማስጠንቀቂያ፤ አረጋግጥ ተዘሏል።» ስክሪኑ ቢጫ በቢጫ ሆነ።

አቶ ቶሎ መጥቶ አየው። «ይሄ ቢጫ ምንድን ነው? ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ።»

«ማስጠንቀቂያ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ምንም።»

«ታዲያ አጥፊው።»

ለዚያም አንድ መስመር አለው፤ አጠፋሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አባዬ ማረሚያ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደ ማተሚያው አዘንብሎ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ድምፁ ተለውጧል። ከገለበጠ በኋላ ትንፋሽ አይወስድም።»

«አዲስ እኮ ነው አባዬ፤ አይደክመውም።»

«እሺ» አለ። እሺ ሲል ያልተዋጠለት ነገር እንዳለ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ጊዜ ግን አልነበረኝም።

ረቡዕ፤ 26 ቀን

በምሳ ሰዓት ሳላንኳኳ ማረሚያ ክፍሉ ገባሁ። አባዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ፊቱን ወረቀት ላይ አድርጎ ተኝቷል። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ደንግጦ ቀና አለ፤ ከንፈሩ ላይ የወረቀት ብናኝ ነበር። በሥራ ቦታ እንቅልፍ። አቶ ቶሎ ቢያየው ኖሮ መደቡን ዛሬውኑ ይዘጋው ነበር። ለማንም አላወራሁም። ደግ ልጅ ነኝ።

እሑድ፤ 22 ቀን

እማዬ ቤት ምሳ። አባዬ ገና የተቀዳ ሻይ ብርጭቆውን ጨብጦ ስለ ዜና ያብራራል። እኛ ጆሮውን እንኳ መንካት ያቃተን ብርጭቆ ነው። እማዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እጅህ!» ብላ ቀማችው። መዳፉ በርበሬ መስሏል።

«አልተሰማኝም» አለ።

ጠንካራ ሰው ነው። ድሮም እንዲህ ነው።

መመሪያውን ዳግመኛ አልጠየቅኩትም። አኩርፎኛል መሰለኝ። መደቡ እንደሚዘጋ ከሰው ሰምቶ ይሆን? የሰማ ከሆነ ለምን አይጠይቀኝም? እንዳይጠይቀኝ ደግሞ እጸልያለሁ።

ረቡዕ፤ 19 ቀን

ተጀመረ። አሁን በሁለቱም ገጽታ ነው የሚታተመው። የመጀመሪያውን ጥራዝ የመጀመሪያ ቅጂ እንደ ወጉ ለአባዬ ወሰድኩለት፤ አራሚው ማኅተሙን ሳይመታ ሌላው አይባዛም። አቶ ቶሎ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እኔ አባዬ ትከሻ አጠገብ ቆሜ በእግሬ ወለሉን እመታለሁ።

ጣቶቹን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሳለፈ። ገለጠ። አሳለፈ። ግራ እጁን ሞከረ። አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እዚሁ ልትጠብቂኝ ነው?»

«ቶሎ በልልኝ አባዬ።»

«ንጹሕ ነው» አለ። ማኅተሙን መታ። ሌሎቹንም ሁለቱን ጥራዞች እንዲሁ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አባዬ በአንድ ንባብ ንጹሕ ነው ብሎ አያውቅም። የልደት ካርዴ ላይ እንኳ ሁለት ስህተት አግኝቷል። የማሽኑን ጥራት ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

ዓርብ፤ 17 ቀን

በሁለት ቀን አለቀ። አቶ ቶሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሰኞ፤ 14 ቀን

ጥራዞቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። አቶ ቶሎ ከሳጥኖቹ ጋር ፎቶ ተነሳ። አባዬ አልመጣም፤ ራሱን አሞታል።

ረቡዕ፤ 12 ቀን

ከተፈታኞቹ አንዷ መጣች። በትሯን እየመታች፣ አንደኛውን ጥራዝ ብብቷ ሥር ይዛ።

«እህቴ፣ ይቅርታ» አለችኝ፣ «ይሄ መጽሐፍ የታተመ ነው ወይስ የተረገጠ?»

ተቀብዬ አየሁት። ነጥብ በነጥብ ነው፤ ያማረ ነው። እንዲሁ አልኳት።

«ለዓይን ይሆናል» አለች። «ሠላሳ ስምንታችንም ሞክረናል። የሚነበበው ጀርባው ባዶ የሆነው የርዕሱ ገጽ ብቻ ነው። ሌላው ሻካራ ግድግዳ መዳበስ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረን።»

እሱንስ አውቃለሁ። ግድግዳዬ ላይ ተጽፏል።

አንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ አንስቼ በብርሃን አየሁት። በሁለት ገጽታ ሲታተም የጀርባው ነጥብ በፊተኛው ነጥቦች መካከል መውደቅ አለበት፤ ለዚህ ወረቀቱ በግማሽ ነጥብ ፈቀቅ ይላል። የእኔ ወረቀት ፈቀቅ አላለም። የጀርባው ነጥብ የፊተኛውን ጨፍልቆታል፤ ያልተጨፈለቀውም የየትኛው ገጽ እንደሆነ አይለይም። በአንድ ገጽታ የሞከርኩ ቀን ይህ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አባዬም እዚያው ነበር። «እስኪ ስጪኝ» አላት። ጣቶቹን አሳለፈ። እንደገና አሳለፈ። ልጅቷ እጁን ይዛ ጣቱን የተደመሰሰው መስመር ላይ አሳረፈችለት። «እዚህ ጋ፣ ጋሼ» አለችው፤ ቀስ ብላ፣ እኔ እንዳልሰማ።

«አዎ» አለ።

ድምፁ የእሱ አልነበረም። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐሙስ፤ 11 ቀን

አቶ ቶሎ ጠረጴዛውን በጥራዙ መታው። «ማን ነው ያሳለፈው?»

«ማንም አላሳለፈውም» አልኩ። «ለአራሚው ሳላሳይ የላክሁት እኔ ነኝ። ፍጥነቱንም የቀየርኩት፣ ማስጠንቀቂያውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ማስጠንቀቂያውን አጥፊው ያለሽ ማን ነው?» አለ። ሰው ማስታወስ የማይፈልገውን ነገር የሚረሳበት ፍጥነት ሦስት ላይ ነው።

ማታ እማዬ ቤት ሄድኩ። አባዬ ሳሎን ብቻውን ተቀምጧል። ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ማተሚያ ቤቱ ግድግዳው ስስ ነው።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ለአንተ ብዬ።»

«ማኅተሜ ገጹ ላይ ተመቶ፣ አለቃሽም በሩ ላይ ቆሞ እያየ፣ አራሚ አላየውም ትያለሽ? ውሸትም እኮ ሲጻፍ ይታረማል።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። «ጣቶቼ አይሰሙም ልጄ። ስኳሩ ነው። አምና ቀኙ ጀመረ፤ ዘንድሮ ግራው ተከተለ። እናትሽ የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ይመስላታል።»

«ታዲያ እስካሁን በምን ነበር የምታርመው?»

«በከንፈሬ።»

ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ ያገኘሁት ቀን ትዝ አለኝ።

«ያኔ ተኝተህ…»

«ተኝቼ አልነበረም። ከንፈር ከጣት አያንስም፤ ቀስ ይላል እንጂ። ብቻዬን ስሆን ደህና አነባለሁ።»

«ታዲያ የዚያን ቀን ለምን አላነበብከውም?»

«ቆመሽብኝ ነበራ። ልጄ ፊት፣ አለቃዋ ፊት፣ እንደ ጥጃ ወረቀት ልላስ?»

 እኔም የራሴን ምስጢር አወጣሁት፦ መደቡ ሊዘጋ ነው፤ ካወቅኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ ደብቄሃለሁ። አባዬ ሳቀ። እውነቱን ነው የሳቀው።

«እኔ ከአንቺ በፊት ነው የሰማሁት። ‹ለልጅዎ አሁን አይንገሯት፤ ይከፋታል› ብሎኛል።»

አንዱን ምስጢር ለሁለት ተሸክመን በየእሑዱ አንድ ማዕድ ስንቀመጥ ከርመናል። እሱ እንዳይከፋኝ፣ እኔ እንዳይከፋው። አለቀስኩ። እዚህ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ቀልድ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ዓርብ፤ 10 ቀን

ጠዋት አባዬ መመሪያውን ይዞ ክፍሌ ገባና በሩን ዘጋው። ወንበር ሳበ። ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ከንፈሩን ገጹ ላይ አሳረፈ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አያየኝም እኮ።

«‹ፍጥነት ሁለት አይደረግ› ይላል። ‹አረጋግጥ የሚለው መስመር ወረቀቱን ከማየቱ ጋር ግማሽ ነጥብ ፈቀቅ ያደርገዋል፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ መስመር ያደረግኩት በስንፍና ነው፤ አስተካክለዋለሁ።›» ቀና አለ። «ሳያስተካክል ሞተ። ያ ሰነፍ።» ይህን ያለው በፍቅር ነበር።

ፍጥነቱን ወደ ዜሮ መለስኩ። አተምኩ። ያው ነው፤ ድፍጥጥ። ግማሽ ሰዓት ፀጉሬን ነጨሁ። ለካ አስተርጓሚው ቀድሞ የተቀጠቀጠውን ባይትኮድ አስቀምጦ፣ አዲስ ነገር ከመቀጥቀጥ አሮጌውን ያነባል። እሱም እንደ እኔ አንዴ የያዘውን አይለቅም። አሮጌውን ፋይል ደመሰስኩ፤ ማስጠንቀቂያውንም መልሼ አበራሁ። ማተሚያው ገለበጠ። ቆመ። ትንፋሽ ወሰደ።

«አሁን ነው» አለ አባዬ።

ከዚያ በትሩን አንስቶ አቶ ቶሎ ቢሮ ገባ። ተከተልኩት። ሳይቀመጥ ነው የተናገረው።

«ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጣቴ ደንዝዟል። እነዚህን ሦስት ጥራዞች አርሜ እወጣለሁ፤ ደብዳቤዬን ልጄ ትጽፍልኛለች። መደቡ ግን አይዘጋም። ጣት ያለው ሰው ታመጣለህ።»

አቶ ቶሎ ወደ ግድግዳው አየ። «ማሽኑ ካረጋገጠ የአራሚ ጥቅሙ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ ወረቀቱን ነው የሚያረጋግጠው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሲደውል ይህን ልትነግረው ትችላለህ።»

ርዕሰ መምህሩ በጠዋቱ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። አቶ ቶሎ «ይሁን» አለ። ቶሎ አለው።

አባዬ ሥራውን ሸጦ መደቡን ገዛ። እኔ ያን ያህል የምወደው ሥራ ኖሮኝ አያውቅም።

ሰኞ፤ 7 ቀን

ሁለተኛውን ጥራዝ ለእርማት ሰጠሁትና ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አወጣሁ። ለመግባት ስፈልግ ሦስት ጊዜ እስላለሁ።

አቶ ቶሎ መጣ። «በሩ ለምን ተዘጋ?»

«እየተረጋገጠ ነው።»

«ምን ያህል ይፈጃል?»

«የሚፈጀውን ያህል።»

እጀታውን ሊይዝ ሲል ብድግ አልኩ። ስነሳ ከእሱ እንደምረዝም እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም ነበር። ተመልሶ ሄደ።

ከሰዓታት በኋላ ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ልጄ! ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ‹ሐ› የሚለውን ምርጫ ሁለት ጊዜ አስገብተሻል።»

እውነቱን ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተት ተገኝቶብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ፤ 4 ቀን

ደረሰ። ሁለት ሳምንት ሊኖራቸው ይገባ ነበር፤ አራት ቀን ሰጠናቸው። ይህ ሐቅ በየትኛውም ማስተካከያ አይስተካከልም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ያቺ ተማሪ ልትረከብ መጥታ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ አንዱን ገለጠች። ጣቷ ሮጠ።

«ይነበባል» አለች። ቀና እንኳ አላለችም።

አባዬ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ መሳቢያው ውስጥ አስገባው፤ ጣት የሌለው ሰው እንዳያነሳው ብሎ።

እሑድ፤ 1 ቀን

አባዬ በጣቴ ማንበብ ሊያስተምረኝ ጀመረ። ዓይኔን ጨፍኜ የመመሪያውን የመጀመሪያ መስመር። በሰዓት አንድ መስመር ወጣኝ። አቶ ቶሎ እንዳይሰማ።

ሰኞ፤ ግድግዳው ላይ 0

ፈተናው ዛሬ ነው። ማረሚያ ክፍሉ ባዶ ነው፤ አዲስ አራሚ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተብሏል። ሦስት ሰዓት ላይ ሳላስበው በሩ ጋ ሄጄ ሦስት ጊዜ ሳልኩ።

አራት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። አባዬ ነው። ከበስተኋላው እማዬ፣ «ገና ሥራ ከመፍታቱ አላስቀምጥ አለኝ» ስትል ይሰማል።

«ማሽኑ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ስልኩን ወደ እሱ አስጠጊልኝ።»

አስጠጋሁለት። ማተሚያው በሳ፣ ገለበጠ፣ ቆመ፣ ቀጠለ። አምስት ቅጠል ያህል አዳመጠ።

«ፍጥነቱ ስንት ላይ ነው?» አለ።

«ዜሮ ላይ ነው አባዬ።»

«ደግ» አለና ስልኩን ዘጋው።